የሚቆጠሩት ሽቦዎች

ጅማ፣ መርካቶ፣ ከዳቦ ቤቱ ኮርኒስ በላይ ተኝቼ፣
ባትሪዬን በጥርሴ ይዤ፣ የሽቦውን ሳጥን ከፍቼ፣
ቧንቧውን በመዳፌ ዳሰስኩት፦ የትኩሳታም ግንባር።
ከላይ የቀትር ቆርቆሮ፣ ከታች የምድጃ አየር፤
መሐሉ ላይ እነዚያ ሽቦዎች፣
በአንድ ብርድ ልብስ እንደ ተኙ እንግዶች።

«ቁጠሪ» አልኳት ኒዕማን፣ መሰላሉ ጫፍ ላይ ላለችው፣
ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥታ እኔ ዘንድ ለመጣችው።
«ግን የሚሠሩትን ብቻ።»
«ሦስት ፌዝ፣ ሦስት ኒውትራል። አረንጓዴ ቢጫውስ?» «እንዝለል፤
መሬት ነው። በደህና ቀን ምንም አይሸከም፣ ዝም ይላል፤
እንደ አንዳንድ ጎረቤት፣ ለሠርግ የማይጠራ፣
ቤት ሲነድ ባልዲ ይዞ ፊት የሚገኝ ከስፍራ።»

በዱቄት ከረጢት ጀርባ በእርሳስ ቁራጭ ጻፍን፤
ሁለት ከግማሹን ሽቦ፣ ብቻውን፣ በቀዝቃዛ ቤት አሰብን፤
ሃያ አራት አምፔር ይችላል። መጽሐፉ እንዲህ ይላል፤
ገጹን ሲገልጡት ግን የሰጠውን መልሶ ይወስዳል፦
ሦስት መስመር በአንድ ቧንቧ ሲገባ፣ ከመቶው ሰባ።
አሥራ ስድስት ከምናምን። ገና ሙቀቱ ሳይገባ።
እዚህ ጣራ ሥር አርባ አምስት ነው፤ እንደገና አባዛን፤
አሥራ ሦስት።
አሥራ ሦስት ብቻ ቀረን።

ቦርዱ ላይ ያለው ብሬከር ግን ሃያ ይላል በኩራት፤
ለእሱ አሥራ ስምንት ሰላም ነው፤ ለሽቦው የሌሊት እሳት።

«አየሽ፣ አንድ ወዛደር በሂርማታ፣ በጠዋት ነፋስ፣ በሰፊ በር፣
ኩንታል ተሸክሞ ይሮጣል፤ አይልም እንኳ እርፍ ላድር።
ስድስት ሆነው በቀትር ቢጨናነቁ በአንድ ኮሪደር፣
ሸክማቸው ያው ነው፤ የሚጥላቸው የጎናቸው ወበቅ፣ የጎናቸው አየር።
ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያሉ ነው ያሳደጉን፤
ሽቦ ቢያብር ቤት እንደሚያነድ ግን ሳይነግሩን።»

ከታች አባ ዲጋ፣ እጃቸው እስከ ክርን ዱቄት፣
«ምንድነው የምትቆጥሩት? መብራቱ በርቷል አሥር ዓመት!
ቧንቧው ባዶ ቦታ አለው፤ አንድ መስመር ጨምሩበት፤
አዲሱን ማቡኪያ ማሽን ከዚያው ሳቡበት።
ጅማ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ነው እንጂ ብር አይደለም፤
ያለው ቧንቧ እየበቃ፣ ሁለተኛ አልገዛም።»
አራተኛ መስመር ቢገባ፣ አሥራ ሁለት ነው የሚተርፈው፤
ኒዕማ ሳልጠይቃት፣ በጣቷ አየር ላይ ጻፈችው።

መልስ አልሰጠሁም። ጥቁሩን ሽቦ ሳብ አደረግሁ፤
አልመጣም። ጠበቅ አድርጌ ያዝሁ።
ቆዳው እንደ ዳቦ ቅርፊት ተፈረፈረ፤
መዳቡ፣ ጠቋቁሮ፣ እርቃኑን ቀረ።
ኒዕማ አሸተተችውና፣ «ይህን ማነው የሳበው?
አንድ ቧንቧ ለማትረፍ ሰው ሊያቃጥል የፈለገው?»

ቋጠሮው ላይ ሰማያዊ ቴፕ፣ ሦስት ዙር፣ ጫፉ የታጠፈበት፤
ነገ ለሚፈታው ሰው እንዲቀል የታሰበበት።
እንዲህ የሚያጥፍ አንድ ሰው ነው ከአጂፕ እስከ ቆጪ፤
ለቴፕ አሳቢ፣ ለእሳት ቤት ሰጪ።

«እኔ» አልኳት።

ያኔ ረመዳን ሳይገባ ጨርስልኝ ተባልኩ፤
ሁለት ቧንቧ አስከፍዬ፣ አንዱን ብቻ ቀበርኩ።
በተረፈው ጫማ ገዛሁ፤ ቡናማ፣ የሚያምር ጫማ፣
ሦስት ክረምት ጭቃዋን የቻለልኝ በጅማ።
አሥር ዓመት በዚህ መንገድ አልፌ ዳቦ ገዝቻለሁ፤
አንድ ቀን ቀና ብዬ ጣራውን አላየሁ።

ኒዕማ ምንም አላለች። ሽቦዎቹን ደግማ ቆጠረች፣
መሬቱን ዘልላ፣ ስድስት ላይ ቆመች።

ወረድኩ። አባ ዲጋ ትኩስ ዳቦ በጋዜጣ ጠቅልለው፣
ለሚነግሩኝ ነገር መያዣ ይመስል፣ አቀበሉኝ፤ ሙቀቱ መዳፌን ነካው።
«ስንት ነው ታዲያ ሁለተኛው ቧንቧ?» አሉኝ፣ ፊታቸው ጠቁሮ።
«ተከፍሏል» አልኳቸው።
«መቼ?»
«ድሮ።»

ከላይ ኒዕማ ቋጠሮውን በባትሪው ብርሃን ይዛ፣
ጫፉ ታጥፏልና ፈታችው፣ እንደ ዋዛ።